ኑትራልን አትናቁ

ደሴ ላይ መብራት ደብዘዝ ባለ ቁጥር የሚረገመው የጎረቤት ምጣድ ነው። ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ስለሚስብ ቮልቴጅ ያወርዳል፤ ይህ አይካድም። ባልዋለበት ግን አይከሰስ። የሚግል ሽቦ ብቻ ስለሆነ የሚስበው ከረንት የቮልቴጁን ሞገድ ተከትሎ ለስላሳ ይሄዳል። ሞገዱን የሚያበላሹት ምስኪን መሳዮቹ ናቸው፦ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር። እነሱ ከረንት የሚወስዱት ሞገዱ ጫፍ ሲደርስ ብቻ፣ እየነጠቁ ነው። በዚህ ጠባይ በ50 ኸርዙ መስመር ላይ የሚደረቡት የ150፣ የ250፣ የ350 ኸርዝ ትርፍ ሞገዶች ሀርሞኒክስ ይባላሉ።

ጣጣው የሚያርፈው ማንም ከቁጥር በማያስገባው የመመለሻ ሽቦ፣ ኑትራል ላይ ነው። «ሦስቱ ፌዝ እኩል ከተጫነ ኑትራሉ ባዶ ነው» የማይል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ለምጣድ እውነት ነው። የሦስቱ ፌዞች ከረንት በሲሶ ዑደት ስለሚቀዳደም ኑትራል ላይ ሲገናኝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሦስተኛው ሀርሞኒክ (የ150 ኸርዙ) ግን በዚያው ዑደት ውስጥ ሦስቴ ስለሚመላለስ፣ ሲሶ ዑደት ለእሱ ሙሉ ዙር ነው። የሦስቱም ፌዝ ሀርሞኒክ እኩል ተነሥቶ እኩል ይወድቃል፤ ስለዚህ መጠፋፋቱ ቀርቶ ይደመራል። ሲከፋ የኑትራሉ ከረንት የአንዱን ፌዝ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። ኑትራል ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብሬከር ስለማይገጠም የሚያስቆመው የለም።

ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ቤቶች የሞሉበት የአንድ ፎቅ የብሬከር ሳጥን ሲከፈት አይቻለሁ። የፌዞቹ ሽቦ ደህና ነው፤ የኑትራሉ ሰማያዊ ፕላስቲክ ከማሰሪያው አጠገብ ቡናማ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። በክላምፕ ሜትር ሲለካ ከእያንዳንዱ ፌዝ የበለጠ ተሸክሟል። ባለቤቱ የተዘጋጁት ግን ብሬከር ለማስቀየር ነበር! እንዲህ ያለው ኑትራል ተቃጥሎ ቢበጠስ፣ ጫና የቀነሰበት ፌዝ ቮልቴጅ ከ220 ተነሥቶ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚነደው ያኔ ነው።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጉዳይ ሌላ ነው። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎቻቸው በብዛት የሚያወጡት አምስተኛውንና ሰባተኛውን ሀርሞኒክ ነው፤ እነሱን በፊልተር መያዝ ይቻላል።

ለቤት ያለው መፍትሔ ቀላል ነው። ስታብላይዘር ገዝቶ መገላገል የሚመስላችሁ ተሳስታችኋል፤ ቮልቴጅ ያስተካክል እንጂ በመስመሩ ላይ ያለውን ሀርሞኒክስ አያጠፋም። ሦስት ፌዝ ያለው ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ሽቦ ለመቆጠብ ብላችሁ ኑትራሉን ከፌዙ አታሳንሱ፤ ሱቅና ቢሮ የሚበዛበት ከሆነ እንዲያውም አወፍሩት። ለሦስት መስመር አንድ ኑትራል አታጋሩ። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ዕቃው ሁሉ በርቶ ኑትራሉን በክላምፕ ሜትር እንዲለካላችሁ ጠይቁት።