የአውቶማቲክ ካምቢዮ የማርሽ ቦታ ማብሪያን ስለ ማስተካከል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚሠሩ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መኪና የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ በተዳፋት ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያም ወደ ቤተ ልሔም አካባቢ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቃል። በእንዲህ ያለ አገር ማርሽ ውስጥ እንደ ገባ የሚነሣ መኪና ሰው ሊገድል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ይህን አደጋ የሚከላከለው ትንሽ ዕቃ እንዴት እንደሚስተካከል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. የማብሪያው ሥራ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። በማርሽ እጀታው አጠገብ ፒ (ማቆሚያ)፣ አር (የኋላ ማርሽ)፣ ኤን (ዜሮ ማርሽ) እና ዲ (ወደፊት መሄጃ) የሚሉ ምልክቶች አሉ። ማብሪያው አብዛኛውን ጊዜ በካምቢዮው ጎን፣ እጀታው በሚያዞረው ዘንግ ላይ ይታሰራል። ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖ እንዲያልፍ የሚፈቅደው በፒ እና በኤን ብቻ ነው። በአር ጊዜ የኋላውን ነጭ መብራት ያበራል።

2. የብልሽት ምልክቶች

መኪናው በኤን ተነሥቶ በፒ እምቢ ካለ፣ እጀታው ካልተነቀነቀ የማይነሣ ከሆነ፣ ወይም የኋላው መብራት ካልበራ ማብሪያው ከቦታው ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። በአር ወይም በዲ የሚነሣ መኪና ግን እስኪጠገን ድረስ ከሥራ መውጣት አለበት።

ማብሪያውን ከመንካት በፊት ባትሪው ይመርመር። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ቀጥሎም ከእጀታው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ገመድ አለመላላቱ ይታይ። ገመዱ ከላላ መጀመሪያ የሚስተካከለው እርሱ ነው።

3. አሠራሩ

ሀ. መኪናውን በደልዳላ ቦታ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ማስደገፍ። እጀታው ወደ ኤን ሲዛወር የፒ መቆለፊያ ስለሚለቅ ታኮው ፈጽሞ አይዘለል።

ለ. እጀታውን በኤን ላይ አድርጎ ቁልፉን ማጥፋት፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ መፍታት።

ሐ. ጭቃውን ጠርጎ የማብሪያውን የቀድሞ ቦታ በጭረት ምልክት ማድረግ።

መ. የማብሪያውን ቡሎኖች ማላላት እንጂ አለማውጣት።

ሠ. ዘንጉን ሳያንቀሳቅሱ ማብሪያውን ቀስ አድርጎ ማዞር። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ላይ በማብሪያው ያለው መስመርና በዘንጉ በኩል ያለው ጎድጓዳ ምልክት ሲገጣጠሙ ቦታው ትክክል ነው። በሌሎች መኪናዎች በቀዳዳው ቀጭን ፒን ይገባል። የማይስተካከል ማብሪያም ስላለ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይታይ።

ረ. ቡሎኖቹን ማጥበቅና ባትሪውን መልሶ ማሰር።

4. ፍተሻ

ታኮው ሳይነሣ፣ የእጅና የእግር ፍሬን ተይዞ፣ ከመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ቁልፉን በእያንዳንዱ ምልክት ሦስት ሦስት ጊዜ መሞከር። በፒ እና በኤን መነሣት አለበት፤ በአር፣ በዲና በሌሎቹ የወደፊት ማርሾች መነሣት የለበትም። የኋላው መብራትም ይታይ። ውጤቱ ከዚህ ከተለየ ሥራው ከ«ለ» ይደገም። ሁለተኛም ካልተሳካ ማብሪያው ተበልቷልና ይለወጥ።

5. ማስጠንቀቂያ

ሥራ ሲቸኩል ሁለቱን የማስነሻ ሽቦዎች በቀጥታ አገናኝቶ ማብሪያውን መዝለል የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። መኪናው በርግጥ ይነሣል፤ ነገር ግን በዲ ላይ ቢሆን ነዳጅ ሳይረገጥ ወደፊት ይሄዳል። በብዙ ትራክተሮችም ተመሳሳይ መከላከያ አለ። መሬት ላይ ቆሞ የሞተሪኖውን ጫፎች በብረት በማገናኘት ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር ያስነሣ ሰው በገዛ ጎማው ሊደፈጠጥ ይችላል፤ በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ገበሬዎች በዚህ ሞተዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የኅብረት ሥራ ማኅበር መኪና ወይም ትራክተር ሲረከብ ማስነሻው በቀጥታ አለመታሰሩን እንዲያረጋግጥ፣ ታኮም ከመኪናው እንዳይለይ እናሳስባለን። ማብሪያውን ማስተካከል በሁለት ቡሎን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይተካም።