ነዘረኝ! ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው እሳት

ኅዳር ላይ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በጨለማ ሹራብ አውልቆ የማያውቅ አዲስ አበቤ ብዙ አይመስለኝም። ሹራቡ አንገት ላይ ሲደርስ ይንጣጣል፤ ገና መፈንዳት እንደጀመረ ፈንዲሻ፣ ግን በጣም ቀጠን ባለ ድምፅ። ዓይን ጨለማውን ከለመደ ደግሞ ሰማያዊ ብልጭታዎች በእጅጌው እጥፋት ውስጥ ሲሮጡ ይታያሉ። ፀጉር ይቆማል፣ የክንድ ቆዳ ይሸመቅቃል። በልጅነቴ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ሌሊት ሹራቡን ወርውሬ እናቴ ጉያ ገባሁ። እሷም «የናይለን ነገር ነው፣ አይዞህ ተኛ» አለችኝ። መልሷ አጭር ነበር፤ ትክክል እንደነበር የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር አንድ ቃል አለው፤ ነዘረኝ። የመኪናው በር ነዘረኝ፣ የብረት መደርደሪያው ነዘረኝ፣ ሰው ጨብጬ ነዘረኝ እንላለን። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲይዘንም የምንለው ይህንኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያሳስበኛል፤ አንደኛው አስደንግጦ የሚያልፍ ሲሆን ሌላኛው ሰው ይገድላል። እዚህ የማስተዋውቀው የመጀመሪያውን፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚባለውን ነው። ወደ ምጣዱም እመለሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመነካካት ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲነካኩ፣ ለምሳሌ የጫማ ሶልና የወለል ምንጣፍ፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ቻርጅ ይሻገራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሻገሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እንደተነካኩ ቢቆዩ ማንም ልብ አይለውም። ሲለያዩ ግን ተቀባዩ አሉታዊ፣ ሰጪው አዎንታዊ ቻርጅ እንደያዘ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን የሚያመጣው መታሸት ብቻ ይመስለዋል። መነካትና መለያየት ብቻውን ይበቃል፤ ማሸት የሚጨምረው የሚነካኩትን ነጥቦች ብዛት ነው።

ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው በየእርምጃው ይነካል፣ ይለያያል። የጎማ ሶል ያደረገ ከሆነ የሰበሰበው ቻርጅ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የለውም። እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ዕቁብ መዋጮ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀምና ጣታችን ወደ በሩ የብረት እጀታ ሲጠጋ ዕጣው በአንድ ጊዜ ይወጣል። ቀጭ የሚለው ድምፅ በጣትና በብረቱ መካከል ያለው አየር ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሰማ ነው።

ቁጥሮቹ ያስደነግጣሉ። አየር በኤሌክትሪክ እንዲሰነጠቅ በአንድ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ሦስት ሚሊሜትር የምትዘል ብልጭታ ካያችሁ ሰውነታችሁ 10,000 ቮልት አካባቢ ይዞ ነበር ማለት ነው። ቆዳችን እንደነዘረው የሚያውቀው ከ3,000 ቮልት ወዲያ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሳይሰማን ያልፋል። ታዲያ የቤታችን 220 ቮልት እየገደለ 10,000 ቮልት እንዴት አይገድልም? ቮልት የከፍታ ያህል ነው። ከጢስ ዓባይ አፋፍ የወረደች አንዲት ጠብታ ራስ ላይ ብታርፍ ከማርጠብ አታልፍም። ጉልበት ድረስ የሚደርስ የክረምት ጎርፍ ግን ከፍታ ሳያስፈልገው ሰው ጠርጎ ይወስዳል። ሰውነታችን የሚይዘው ቻርጅ ጠብታዋ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ፈስሶ ያልቃል። ግድግዳችን ውስጥ ያለው መስመር ደግሞ የማያቋርጠው ጎርፍ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ የሚብሰው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሐምሌን ማስታወስ ነው። ክረምት ላይ ልብሱም፣ ወለሉም፣ ቆዳችንም ዓይን የማያየው ስስ የውሃ ሽፋን ይለብሳሉ። ቻርጁ በዚያ ሽፋን ላይ ተንሸራቶ፣ ገና ሳይጠራቀም ይበተናል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ደጋው ሲደርቅ፣ ከንፈር ሲሰነጠቅ መንገዱ ይዘጋል። ሥራውን የሚሠራው በየገጹ ላይ የሚቀመጠው እርጥበት ነው፤ እርጥብ አየር ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው የሚባለው የተለመደ ስህተት ነው።

ሚኒሶታ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ጥር ላይ ደውላ «ልጄን ልስመው ስል ይነዝረናል፤ አሁንማ ስጠጋው መሸሽ ጀመረ» አለችኝ። ከድምፅዋ እንዳዘነች ያስታውቅ ነበር። ቤቷ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር ሙሉ በሙሉ ቢረጥብ እንኳ በአንድ ሜትር ኪዩብ የሚይዘው ውሃ 2.4 ግራም ገደማ ነው። ያንኑ አየር ማሞቂያው 20 ዲግሪ ሲያደርሰው 17 ግራም ያህል መያዝ የሚችል ይሆናል፤ ውሃው ግን ያው 2.4 ግራም ነው። እርጥበቱ ወደ 14 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ይህ የበረሃ አየር ነው። ምንጣፍ፣ የፖሊስተር ካልሲና ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ሲጨመርበት እናትና ልጅ ተሳስመው ባይነዘሩ ነበር የሚገርመው። አየሩን የሚያረጥብ መሣሪያ እንድታስገባ፣ ልጁን የጥጥ ካልሲ እንድታለብሰው፣ ከመሳሟ በፊት ደግሞ በቁልፍ የበሩን ብረት እንድትነካ ነገርኳት። ቁልፍ ተይዞ ሲነካ ብልጭታው ከቁልፉ ጫፍ ላይ ይዘላል፤ በመዳፍ ውስጥ ሰፋ ባለ ቦታ ስለሚያልፍ ጣት እንደ መርፌ አይወጋም።

ስለ ጥጥ ካነሳሁ ጋቢን ሳላነሳ አላልፍም። ሌሊቱን ሙሉ ጋቢ ለብሶ የተኛ ሰው ሲነሳ ብልጭታ አያይም፤ ከውጭ የመጣ ለስላሳ ብርድ ልብስ የለበሰ ግን ሲገልጠው ይንጣጣበታል። ጥጥ በተለመደ የአየር እርጥበት ከክብደቱ ሰባትና ስምንት በመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሌላም ምክንያት አለ። ዮሐን ካርል ቪልከ የተባለ ተመራማሪ በ1757 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ቁሶችን ቻርጅ በመስጠትና በመቀበል ዝንባሌያቸው በተራ ደርድሯቸው ነበር። ዛሬ በምንጠቀምበት ተራ የሰው ቆዳ፣ ፀጉር፣ ሱፍና ናይለን ከሰጪዎቹ ወገን ናቸው፤ ፖሊስተርና ፕላስቲክ ከተቀባዮቹ። ጥጥ መካከል ላይ ነው፤ ብዙም አይሰጥም፣ ብዙም አይቀበልም። ከሱፍ ሹራብ ሥር የፖሊስተር ሸሚዝ የለበሰ ሰው የተራውን ሁለት ጫፎች ደርቦ ለብሷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ቢታወቅም፣ ሲነካኩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በትክክል እንዴት እንደሆነ ሳይንስ ገና ጨርሶ አልፈታውም። በ2011 የወጣ ጥናት አንድ የተነካ ገጽ ወጥ የሆነ ቻርጅ እንደማይዝ፣ አዎንታዊና አሉታዊ ነጠብጣቦች እንደ ነብር ቆዳ ተዘበራርቀውበት እንደሚገኙ አሳየ። በ2025 ደግሞ በኦስትሪያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአንድ ዓይነት ጎማ የተቆረጡ፣ ምንም ልዩነት የሌላቸውን ቁራጮች ደጋግመው ሲያነካኩ፣ መጀመሪያ ዝብርቅርቅ የነበረው ውጤት 200 ገደማ ንክኪ ካለፈ በኋላ ሥርዓት ያዘላቸው። ቁሱ ቀድሞ ስንት ጊዜ እንደተነካ ማለትም ታሪኩ በውጤቱ ላይ ድርሻ አለው። ተማሪ ሳለን እስክሪብቶ ፀጉራችን ላይ አሽተን ብጥስጣሽ ወረቀት እናነሳ ነበር። ከዚያ የተማሪ ጨዋታ ጀርባ ዛሬም ድረስ መልሱ ያልተሟላ ጥያቄ መኖሩ ደስ ያሰኘኛል።

ጥያቄው አሮጌ ነው። ግሪኮች የታሸ አምበር ገለባ እንደሚስብ ያውቁ ነበር፤ አምበርን «ኤሌክትሮን» ይሉት ስለነበር ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልበርት በ1600 ይህን ጠባይ ለይቶ ስም ሰጠው። በ1746 አባ ዣን አንትዋን ኖሌ የተባሉ ፈረንሳዊ የሃይማኖት ሰው ቻርጅ በሚያጠራቅም ማሰሮ 180 የንጉሥ ዘበኞችን እጅ ለእጅ አያይዘው በሉዊ 15ኛ ፊት በአንድ ጊዜ አዘለሏቸው። የሹራባችን ብልጭታና መብረቅም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩና ሲለያዩ ቻርጅ ይለያያል፤ የተጠራቀመው ሲበዛ አየሩን ሰንጥቆ ይወርዳል።

ወደ ዕለት ኑሯችን ስንመለስ ሰው በብዛት የሚያማርረው መኪናን ነው። «መኪናዬ ኤሌክትሪክ ይዟል» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ የያዘው ሰውየው ነው። የተቀመጠ ሰው ልብስና የወንበሩ ጨርቅ ተጣብቀው ሳሉ ቻርጃቸው እርስ በርሱ ይቻቻላል፤ ቮልቱም ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሰውየው ተንሸራቶ ሲወርድ የራሱን ድርሻ ይዞ ይወጣል፣ ከወንበሩ ሲርቅ ቮልቱ ወዲያው ያሻቅባል፣ በሩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ቀጭ! መድኃኒቱ አንዲት ልማድ ናት። ከወንበሩ ከመነሳታችሁ በፊት ቀለም ያልሸፈነውን የበሩን ብረት ያዙ፣ እግራችሁ መሬት እስኪረግጥ አትልቀቁት። ቻርጁ እየተፈጠረ እያለ ይፈስሳል፤ ምንም አይሰማችሁም።

ነዳጅ ማደያ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቤንዚን ተን ከአየር ጋር በተስማማ መጠን ሲደባለቅ ለመቀጣጠል የሚያስፈልገው ጉልበት ከአንድ ሚሊጁል ሩብ ያነሰ ነው። 10,000 ቮልት የያዘ ሰው ጣት ላይ የምትዘለው ብልጭታ አምስት ሚሊጁል ያህል ልትይዝ ትችላለች፤ ሃያ እጥፍ። አሽከርካሪዎች ነዳጅ ራሳቸው በሚቀዱበት በአሜሪካ የተሰበሰቡ የአደጋ ታሪኮች ይመሳሰላሉ። ሰውየው መቅጃውን ሰክቶ ብርዱን ሸሽቶ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ተመልሶ ወጥቶ መቅጃውን ሲነካ እሳት ይነሳል። ስለዚህ ቤንዚን እየተቀዳ መኪና ውስጥ አትግቡ፤ ከገባችሁ ከታንከሩ አፍ ራቅ ያለ ብረት ሳትነኩ ወደ መቅጃው አትመለሱ። ጀሪካን የምታስሞሉም መሬት ላይ አስቀምጡት። ፕላስቲክ በለበሰ የፒክአፕ መጫኛ ላይ ወይም ባጃጅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ቻርጁን የሚያወርድበት መሬት የለውም። ቦቴ ነዳጅ ሲያራግፍ ከመሬት ጋር በሽቦ የሚያያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የናፍጣ ተን በተለመደው ሙቀት እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ልማዱን ግን ለሁለቱም መያዝ ይሻላል።

የሞባይል ጥገና ባለሙያዎችም ይህን ጠላት ያውቁታል። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች 100 ቮልት በማይሞላ ፍሳሽ ይበላሻሉ፤ ጣታችን ደግሞ 3,000 ቮልት ካልደረሰ አይሰማውም። ጠጋኙ ምንም ሳይነዝረው ዕቃውን ሊገድለው ይችላል። ጠንቃቃዎቹ እጃቸው ላይ ከመሬት ጋር የተያያዘ ማሰሪያ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ሽቦ ከሸክላው ሥር ይተኛል። ሽቦው ሲያረጅ፣ ሊጥ ወይም ውሃ ሲገባበት ኤሌክትሪኩ ወደ ብረት አካሉ ይሾልካል። የኧርዝ መስመር ከሌለ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ጋጋሪዋ ትሆናለች። በብዙ ቤት ይህ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ «ትንሽ ይነዝራል፣ ጫማ አድርጊ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ስታቲክ አይደለም። መለየትም ይቻላል፤ ሁለቱ ጠባያቸው ተቃራኒ ነውና። ስታቲክ አንዴ ቀጭ ብሎ ያልቃል፣ ወዲያው ደግማችሁ ብትነኩ ምንም የለም፤ በደረቅ ቀንና በጎማ ጫማ ይብሳል። ከመስመር የሾለከ ኤሌክትሪክ በነካችሁት ቁጥር ይነዝራል፣ እጅ ላይ እንደ ንብ ይርመሰመሳል፤ በእርጥብ እጅና በባዶ እግር ይብሳል። ምጣዳችሁ፣ ፍሪጃችሁ ወይም የውሃ ማሞቂያችሁ ደጋግሞ የሚነዝራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይቶ ኧርዙን ሳያስተካክል መልሳችሁ አትሰኩት።