«ማቅናት» ወይስ «መምራት»? ስለ ኦርኪድ አበባ ዛላ አያያዝ ቃላት

የሙያ ቃል ሲተረጎም የሚፈጠረው ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቃሉን አምኖ ወደሚሠራው ሰው እጅ ይደርሳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ኦርኪድን፣ አበባ የሚሸከመውን ክፍሉንና የዚህን ክፍል አደጋገፍ የሚመለከቱ አራት ስያሜዎችን እንመረምራለን። በምርመራችን ጋምቤላን ማሰባችን ያለ ምክንያት አይደለም። በመዠንግር ዞን ያለው እርጥብ ደን ኦርኪዶች በዛፍ ላይ የሚበቅሉበት ዓይነት ደን ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ከዚህም በላይ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ ብዙው ነዋሪ ግን አፉን የፈታው በኑዌር፣ በአኝዋ፣ በመዠንግርና በሌሎች ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ የግብርና ባለሙያው የሚጠቀምበት ቃል ያለ ማብራሪያ ግልጽ ሊሆን ይገባዋል።

ሀ) ተክሉ። በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚበቅሉትን ኦርኪዶች «ጥገኛ» ብሎ መተርጎም ይቀናናል። ቃሉ ከ«ጠጋ» የወጣ ስለሆነ በመነሻው ነቀፋ የለበትም፤ ዛሬ ግን «ጥገኛ ትል» እንደምንለው የሌላውን ምግብ የሚመጥ ማለት ሆኗል። ኦርኪዱ ከዛፉ የሚፈልገው መቀመጫ ነው፤ ውሃውን ከዝናብና ከአየር እርጥበት፣ ምግቡን ቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል። በጎደሬ ቡና የሚያለማ ገበሬ «ጥገኛ» የሚለውን ሰምቶ የጥላ ዛፉን ያዳነ መስሎት ተክሉን ጠርጎ ሊጥለው ይችላል። «በዛፍ ላይ በቃይ» የሚለው ቢረዝምም ይሻላል።

ለ) ዛላ። የእንግሊዝኛው «ስፓይክ» ሹል ብረትንም ስለሚያመለክት ያልተጠነቀቀ ተርጓሚ ወደ «ችንካር» ወይም ወደ «እሾህ» ይሄዳል። አማርኛ ግን «የስንዴ ዛላ» የሚል የቆየ አነጋገር አለው። በጋምቤላም ማሽላ የሚዘራ ሰው ፍሬ ተሸካሚውን የተክል ራስ አሳምሮ ስለሚያውቅ ምሳሌው ከእጁ አይርቅም። «ዛላ በርበሬ» ከሚለው እንዳይምታታ ዘወትር «የአበባ ዛላ» ይባል። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት አበቦች ያለ እግር በቀጥታ ዘንጉ ላይ ሲቀመጡ «ስፓይክ»፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀጭን እግር ሲያያዙ «ራሴም» ይላሉ። አብዛኛው ኦርኪድ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ አትክልተኛው ግን ሁሉንም በመጀመሪያው ስም ይጠራል። «የአበባ ዛላ» የአትክልተኛውን ሰፊ ቃል እንጂ የሊቃውንቱን ጠባብ ቃል አይተካም።

ሐ) መደገፊያ። በደን ውስጥ የብዙዎቹ ዛላ ከቅርንጫፍ ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ስለሚዘነብል ድጋፍ አያሻውም፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው ተክሉ በማሰሮ ሲያድግና ሲጓጓዝ ነው። «ችካል» በመዶሻ ተመትቶ የሚተከል ነው፤ በማሰሮ ውስጥ እንዲሁ ቢደረግ ሥሩን ይቆርጣል። «ባላ» ጫፉ መንታ የሆነ እንጨት ነው፤ «ካስማ» ደግሞ ከድንኳን አይለይም። ስለዚህ ከሥራው የወጣውን «መደገፊያ» መርጠናል። ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሲላግ ለዚህ ይመቻል።

መ) መምራት። «ትሬይን» የሚለውን «ማሠልጠን» ማለት ተክሉን ተማሪ ያደርገዋል፤ «መግራት» ደግሞ ፈረስን በኃይል ማስገዛትን ያስታውሳል። እኛ በመጀመሪያ «ማቅናት» የሚለውን ይዘን ነበር። ይሁን እንጂ «ማቅናት»ም ሆነ «ማረቅ» አስቀድሞ የጎበጠ ነገር እንዳለ ያስባሉ፤ ጎብጦ የጠነከረን ዛላ ሊያቀና የሚነሣ ሰው ይሰብረዋል። ሥራው የሚጀመረው ዛላው ለጋ ሳለ ነው፤ የሚደረገውም በራሱ የሚሄደውን መንገድ ማሳየት ነው። በዚህ ምክንያት «መምራት» የሚለውን መርጠናል። የኦርኪድ ወገን የሆነው የቫኒላ ሐረግ በድጋፍ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሲመለስም ይኸው ግሥ ያገለግላል፤ «ማቅናት» ግን አይሆንም።

የቃላት መፈተኛው ዓረፍተ ነገር ነውና እንሞክራቸው፦ «የአበባው ዛላ አንድ ስንዝር ያህል ሲደርስ፣ እምቡጡ ከመፍካቱ በፊት፣ መደገፊያው ሥር ሳይነካ ከዛላው አጠገብ በዝግታ ይገባል። ዛላው ከአንጓው ዝቅ ብሎ በለስላሳ ክር ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ እያደገም ሲሄድ ወደ ላይ ይመራል። የመጨረሻው እስር ከመጀመሪያው እምቡጥ በታች ይሁን፤ አበባ የሚይዘው ጫፍ በገዛ ክብደቱ ይዘንበል። ማሰሮው ከብርሃኑ አቅጣጫ አይዙር።» የመጨረሻው ትእዛዝ ምክንያት አለው፤ እምቡጦች አቀማመጣቸውን በመሬት ስበትና በብርሃን ስለሚወስኑ፣ ማሰሮው ከዞረ አበቦቹ ፊታቸውን ወደየአቅጣጫው ይበትናሉ።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተቆረጡ አይደሉም። በተለይ የመዠንግር ንብ አናቢዎች ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ላይ የሚወጡ ስለሆኑ፣ እዚያ የሚበቅለውን የሚጠሩበት ቃል ከአንደበታቸው ሊሰበሰብ ይገባል። ከዚያ በኋላ የእኛን ምርጫ ማረም ቀላል ይሆናል።