ሐሪኬንና የትንሽ ደሴት ሕዝብ

ሐሪኬን ኀይሉን ከሞቀ የባሕር ውሃ የሚያገኝ ታላቅ አውሎ ነፋስ ነው። የሰፊ አገር ሕዝብ ሐሪኬን ሲመጣበት ወደ መሀል አገር ሊሸሽ ይችላል፤ የትንሽ ደሴት ሕዝብ ግን የሚሸሽበት መሀል አገር የለውም።

ለምሳሌ በካሪቢያን ባሕር የምትገኘውን ባርቡዳን እንመልከት። የቆዳዋ ስፋት 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ያላት ከተማ ኮድሪንግተን ብቻ ነው። ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ሌሊት ኢርማ የተባለው ሐሪኬን በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጓዝ ነፋስ መታት። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ሆኖም ከቤቶቿ አብዛኞቹ ፈረሱ ወይም ተጎዱ፤ አንድ ሕፃንም ሞተ። ወዲያው ሆሴ የተባለ ሌላ ሐሪኬን ስለ ተቃረበ፣ ከ1,500 የሚበልጠው ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጎረቤት ደሴት ወደ አንቲጓ ተሻገረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ደሴቲቱ በሙሉ በአንድ ሌሊት ስትመታ ረዳቱም ተረጂ ይሆናል፤ ስለዚህ ማሻገሪያው መርከብና በጎረቤት ደሴት የሚገኘው መጠለያ ቀደም ብሎ መሰናዳት አለበት። ሁለተኛው የጣራ ነገር ነው። ብርቱ ነፋስ በጣራ ላይ ሲያልፍ ጣራውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጣራው ከተነቀለ ዝናብ ይገባል፤ ግድግዳውም ድጋፍ ያጣል። ስለዚህ ጣራውን ከግድግዳው፣ ግድግዳውንም ከመሠረቱ ጋር በብረት አጥብቆ ማያያዝ ያስፈልጋል።

መርከብ ሰውን ያድናል፤ ሰው የሚመለስበትን ቤት የሚያድነው ግን ነፋሱ ሳይመጣ የታሰረ ጣራ ነው።