ከባዶው ስፍራ የሚነበበው፦ ትራንስፖዞንና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ



እ.ኤ.አ. በ1998 የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጂኖም ሙሉ ቅደም ተከተል ሲታተም ወደ 4,000 የሚጠጉ ዘረመሎች በዝርዝር ቀረቡልን። የብዙዎቹ ተግባር ግን አልታወቀም ነበር። በአገራችን ዛሬም ብዙ ቤት ለሚያንኳኳ በሽታ መድኃኒት የሚሻ ተመራማሪ፣ ከእነዚህ ውስጥ ባክቴሪያው ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ለዚህ የሚያግዘን ትራንስፖዞን ነው፤ ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ያገኙትና በ1983 ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ። እዚህ የምንጠቀምበት ሂማር 1 የተባለው ሲሆን፣ መነሻው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የከብት ዝንብ ነው። «ቲ» እና «ኤ» የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት ተከታትለው በሚገኙበት ስፍራ ይሰነቀራል፤ በዘረመል መካከል ከገባም ያንን ዘረመል ያከሽፋል። ካናማይሲንን የሚቋቋም ዘረመል ስለምናሸክመው፣ መድኃኒቱ ባለበት ማብቀያ ላይ የሚያድጉት ትራንስፖዞኑን የተቀበሉት ብቻ ናቸው። እንዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ሚውታንቶች በአንድነት ይሰበሰባሉ።

ቀጥሎ ትራንስፖዞኑ የት የት እንደገባ እናነባለን። ተማሪዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በተገኘው ላይ ነው፤ እኔ ግን ባዶውን ስፍራ እንዲመለከቱ እጎተጉታለሁ። አንድም ትራንስፖዞን ያልተገኘበት ዘረመል፣ ሲከሽፍ ባክቴሪያውን የሚገድል ሳይሆን አይቀርም። ዘረመሉ አጭር ከሆነ ግን ባዶነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሳሴቲ፣ ቦይድና ሩቢን በ2003 በቤተ ሙከራ ለተሟላ እድገት የሚያስፈልጉ 614 ዘረመሎችን የለዩት በዚሁ አመክንዮ ነበር።

«አስፈላጊ» ስንል ግን የት? ሳሴቲና ሩቢን በዚያው ዓመት የሚውታንቶቹን ስብስብ ወደ አይጦች ሲያስገቡ፣ በእንስሳው አካል ውስጥ ለመኖር የሚያስፈልጉ 194 ዘረመሎች ተለዩ። ኤምሲኢ 4 የሚባለው የዘረመሎች ቡድን በብልቃጥ ውስጥ ቢጎድል ባክቴሪያው ያድጋል፤ በአይጥ ሳንባ ውስጥ ግን ሊዘልቅ አይችልም። ምክንያቱን ፓንዲና ሳሴቲ በ2008 አሳዩን፤ ቡድኑ ከታማሚው አካል ኮሌስትሮል ወደ ባክቴሪያው የሚያስገባ በር ነው። በተለመደው ማብቀያ ኮሌስትሮል ስለሌለ በሩን የሚሻው አልነበረም። በብልቃጥ ብቻ የሚፈተን መድኃኒት እንዲህ ያለውን ዒላማ ያልፈዋል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ትራንስፖዞን አንዳንድ ጊዜ በተከታታይ የሚነበቡ ጎረቤት ዘረመሎችንም ያውካል። ስለዚህ ጤነኛውን ቅጂ ወደ ሚውታንቱ መልሳችሁ አስገቡ፤ ባክቴሪያው ካላገገመ ጉዳቱን ከዚያ ዘረመል ሌላ ስፍራ ፈልጉ።