ራሱን መሸከም ያለበት ገመድ

የጠፈር ገመድ በምሕዋር ላይ ያሉ ሁለት አካላትን የሚያያይዝ ቀጭን ክር ወይም ሽቦ ነው። አንዱ ጫፉ ከመንኮራኩር፣ ሌላው ከሳተላይት ወይም ከተራ ክብደት ይታሰራል። ርዝመቱ ከጥቂት ሜትር ይጀምርና በሐሳብ ደረጃ እስከ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሥራውም እንደ ዓይነቱ ነው፦ አንዱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ አንዱ ዕቃ ይወነጭፋል፣ አንዱ ያረጀ ሳተላይት ወደ ምድር ይጎትታል፤ ከሁሉም የሚረዝመው ደግሞ ከምድር ወገብ ተነሥቶ ጠፈር ድረስ ሰውና ዕቃ የሚወጣበት የሊፍት ገመድ ነው። ይህ የመጨረሻው ገና ከወረቀት አልወረደም። አጫጭሮቹ ግን ከ1966 ጀምሮ በተግባር ተሞክረዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት ከሮኬት ይልቅ ከገመድ መነሣት ይሻላል፤ ገመድ ደግሞ በጉራጌ አገር እንግዳ አይደለም። በአታትና በወልቂጤ ዙሪያ ባሉ መንደሮች እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ ቃጫው ለብቻው ይወጣል። ይደርቃል፣ ይገመዳል፣ ከዚያም የከብት ማሰሪያና የጭነት መጠፈሪያ ይሆናል። ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የቀዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ክንድ የሚስበው ባልዲውን ብቻ አይደለም፣ ገመዱንም ነው። ጉድጓዱ እጅግ ቢጠልቅ ገመዱ ባልዲ ሳይንጠለጠልበት በገዛ ክብደቱ ይበጠሳል። ውፍረቱን መጨመርም አያድነውም፤ ጥንካሬው በጨመረ ልክ ክብደቱም ይጨምራልና።

መሐንዲሶች ይህን የመበጠሻ ርዝመት ለየቁሳቁሱ ያሰላሉ። ጠንካራ የብረት ሽቦ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተንጠልጥሎ ይበጠሳል። ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ኬቭላር 250 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል፤ ዳይኔማ የሚባለው የመርከብ ገመድ ፈትል ደግሞ ከ350 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የጠፈር ገመድ ታሪክ ከሞላ ጎደል የእነዚህ ቁጥሮች ታሪክ ነው።

በምሕዋር ላይ ያለ ገመድ ቀጥ ብሎ መቆሙ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ማንም ከላይ አልያዘውምና። ምክንያቱ የስበት ልዩነት ነው። ከሁለቱ አካላት ታችኛው ለምድር ስለሚቀርብ ስበት ይበረታበታል፤ ላይኛው ስለሚርቅ በዙረቱ ምክንያት ወደ ውጭ የመሸሽ ዝንባሌው ይበልጣል። አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ሲጎትት ገመዱ ይወጠርና ወደ ምድር መሐል እንዳመለከተ ይቆማል። ጉተታው ግን ትንሽ ነው። ግማሽ ቶን የሚመዝን ሳተላይት በ20 ኪሎ ሜትር ገመድ ቢታሰር ገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ምድር ላይ አራት አምስት ኪሎ ዕቃ ማንጠልጠልን ያህላል። ስለዚህ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ገመድ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በመስከረም 1966 ነው። አሜሪካውያኑ ፒት ኮንራድና ዲክ ጎርደን ጀሚኒ 11ን አጀና ከምትባል ሰው አልባ መንኮራኩር ጋር በ30 ሜትር ገመድ አስረው ሁለቱን አንድ ላይ አሽከረከሩ። ከመሽከርከሩ የተገኘው ሰው ሠራሽ ክብደት ከምድር ስበት ከአንድ ሺህኛው እንኳ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ሆኖም መርሑ መሥራቱ ታየ።

ትልቁ ሙከራ የጣሊያንና የአሜሪካ የጋራ ሥራ ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት ጣሊያናውያኑ ማሪዮ ግሮሲና ጁሴፔ ኮሎምቦ ናቸው። በ1992 አትላንቲስ የተባለችው መንኮራኩር 20 ኪሎ ሜትር ገመድ ልትዘረጋ ወጥታ 256 ሜትር ላይ ቆመች፤ ወጣ ብሎ የነበረ አንድ ብሎን የመዘርጊያውን አሠራር ያዘው። በየካቲት 1996 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ሙከራውን ደገመችው። ገመዱ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ነበር፤ በውስጡ የመዳብ ሽቦ፣ በላዩ ማገጃ፣ ከዚያ የኬቭላር ጥልፍ ነበረው። ከወልቂጤ እስከ አታት ካለው መንገድ የማይተናነስ ርዝመት ማለትም 19.7 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ተበጠሰ፤ ሳተላይቱም ገመዱን እየጎተተ ሄደ።

የተበጠሰበትን ምክንያት ማወቅ የገመዱን ሁለተኛ ጠባይ ማወቅ ነው። ሽቦ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የኃይል ማመንጫ ዲናሞ ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው። መንኮራኩሯ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈች ያን ረጅም ሽቦ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ስታሳልፍ በሁለቱ ጫፎች መካከል 3,500 ቮልት ተፈጠረ። በማገጃው ላይ ከነበረች ትንሽ ቀዳዳ የእሳት ብልጭታ ተነሥቶ ኬቭላሩን አቃጠለው። ገመዱ የተበጠሰው ከጉተታ ብዛት ሳይሆን ኤሌክትሪክ የማመንጨት ሥራውን እጅግ በሚገባ በመሥራቱ ነው፤ ስለዚህ ይህን በረራ ከክሽፈት ብቻ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ይኸው ጠባይ በሁለት አቅጣጫ ይጠቅማል። ገመዱ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ጉልበቱን የሚወስደው ከመንኮራኩሯ ፍጥነት ስለሆነ መንኮራኩሯ ቀስ በቀስ ትወርዳለች፤ ያረጀን ሳተላይት ያለ ነዳጅ ከምሕዋር ማውረጃ ዘዴ ይህ ነው። በተቃራኒው ከፀሐይ ኃይል የተገኘ ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ሲላክ መስኩ ሽቦውን ይገፋዋል፤ መንኮራኩሯም ነዳጅ ሳታቃጥል ከፍ ትላለች።

ሌሎቹ ሙከራዎች ያስተማሩት ስለ ዕድሜ ነው። በ1994 የተዘረጋ ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ የ20 ኪሎ ሜትር ክር በአራት ቀን ገደማ ተቆረጠ፤ በ1996 የተለቀቀው ወፈር ያለ የ4 ኪሎ ሜትር ገመድ ግን አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በጠፈር የሚበርሩ ጥቃቅን ጠጠሮች ቀጭን ነጠላ ክርን በአንድ ምት ይቆርጡታል። በዚህ የተነሣ ሮበርት ፎርዋርድና ሮበርት ሆይት ገመዱ እንደ ዓሣ መረብ ብዙ ክሮች እየተገናኙ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ አንዱ ክር ቢቆረጥ ጎረቤቱ ሸክሙን ይረከባል።

ለነገው የጠፈር ጉዞ ተስፋ የሚጣልበት ሌላው ዓይነት ሥራው ከወንጭፍ አይለይም። ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን አዙሮ በትክክለኛዋ ቅጽበት ሲለቅ ድንጋዩ እጁ ብቻውን ሊሰጠው የማይችለውን ፍጥነት ያገኛል። የሚሽከረከር የጠፈር ገመድም እንዲሁ በታችኛው ጫፉ ዕቃ ይቀበልና ግማሽ ዙር ዞሮ በላይኛው በኩል ወደ ጨረቃ ወይም ወደ ማርስ ይለቀዋል። ሃንስ ሞራቬክ በ1977 ያቀረበው ንድፍ ገመዱን በምድር ዙሪያ እንደሚንከባለል ጎማ ያየዋል፦ ጫፉ መሬት አጠገብ ሲደርስ ለቅጽበት ቆሞ የሚታይ፣ ዕቃውን አንሥቶ የሚሄድ። ወንጭፉ ግን በነፃ አይወነጭፍም። ዕቃው ፍጥነት ሲያገኝ ገመዱ ፍጥነት ያጣል፤ ምሕዋሩም ይወርዳል። ያጣውን ለመመለስ ወይ ከላይ የሚወርድ ዕቃ መቀበል፣ ወይ ከላይ በተገለጸው የኤሌክትሪክ ዘዴ ራሱን ቀስ እያለ መግፋት አለበት።

የጠፈር ሊፍት ከሁሉም ስመ ጥር ነው፣ ከሁሉም ሩቅም ነው። ቦታውን ለማየት በወልቂጤና በቡታጅራ ጣሪያዎች ላይ ያሉትን ዲሾች መመልከት ይበቃል። ከ2019 ወዲህ ወደ ኢትዮሳት የዞሩት ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽም ወደ ደቡብ አጋድለው ከፍ ብለው ያያሉ፤ ወደ ናይልሳት ያሉት ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ። ሁለቱም የሚያነጣጥሩት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ሳተላይት ከምድር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲያዩት አይንቀሳቀስም፤ ዲሹ አንዴ ከተስተካከለ የማይነካውም ለዚህ ነው። ከዚያ ከማይንቀሳቀስ ነጥብ ገመድ ወደ ታች ቢለቀቅ ምድር ይደርሳል። ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ላይም መርዘም አለበት፤ የጃፓኑ ኦባያሺ ኩባንያ በ2012 ያወጣው ንድፍ ገመዱን 96,000 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሊፍት እስከ ሳተላይቱ ከፍታ ሰባት ቀን ተኩል ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ የጉድጓዱ ገመድ ጥያቄ ይመለሳል። ከፍታው ሲጨምር ስበት ስለሚቀንስ ያ ሁሉ ገመድ በራሱ ላይ የሚጥለው ሸክም ምድር ላይ 4,900 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ማንጠልጠል ነው። ከዳይኔማ ከ350 ኪሎ ሜትር ጋር ሲተያይ ርቀቱ ግልጽ ነው። ገመዱን መሐሉ ላይ ወፍራም፣ ጫፎቹ ላይ ቀጭን ማድረግ ሸክሙን ያቀልላል፤ ብረትን ግን ይህም አያድነውም። የካርበን ናኖቲዩብ፣ ማለትም ከካርበን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ በስሌት የሚያዋጣ ጥንካሬ አለው። ሆኖም በ2013 የተሠራው ረጅሙ ናኖቲዩብ ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በጨረቃ ላይ ነገሩ ይቀልላል፤ ስበቷ የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ዛሬ በገበያ ያሉ ፈትሎች ይበቃሉ።

መቆሚያውም ይመረጣል። ገመዱ ከምድር ወገብ ትንሽ ቢርቅ ዘንበል ብሎ ይቆማል እንጂ አይወድቅም። አታት ግን በሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ናት፤ በክረምት ደግሞ መብረቅ ይበዛባታል። መብረቅ ለዚህ ገመድ ቀንደኛ ጠላቱ ነው፤ ብራድሊ ኤድዋርድስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ጥናት መቆሚያውን መብረቅ በማይበዛበት በምሥራቅ ፓስፊክ ባሕር ላይ ያደረገው ለዚህ ነው።

የሊፍቱ ሐሳብ የተወለደው በትልልቅ ተቋማት ውስጥ አይደለም። በ1895 ከአይፌል ማማ ሐሳብ ተነሥቶ እስከ ሰማይ የሚደርስ ግንብ ያሰበው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ በልጅነቱ ጆሮው የደከመ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ የካሉጋ ከተማ መምህር ነበር። ግንቡ ከታች እንዳይገነባ፣ ገመዱ ከላይ እንዲወርድ ያሰበው የሌኒንግራዱ መሐንዲስ ዩሪ አርትሱታኖቭ ሐሳቡን በሐምሌ 1960 ያወጣው በወጣቶች ጋዜጣ ላይ ነው። ጄሮም ፒርሰን በ1975 በራሱ መንገድ እንደገና ደረሰበት፤ አርተር ክላርክ በ1979 ልብ ወለድ አደረገው። እስከ ዛሬ ከተዘረጉት ሁሉ ረጅሙን፣ የ31.7 ኪሎ ሜትሩን ገመድ በ2007 ያስወነጨፉትም የአውሮፓ ተማሪዎች ናቸው።

የኢትዮጵያ የጠፈር ታሪክም በአፍቃሪዎች ይጀምራል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲቋቋም መሥራቾቹ ድሃ አገር ስለ ከዋክብት ማሰቧ እንደ እብደት የሚታይበትን ጊዜ ተሻግረው መጡ። በ2015 የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ይዞ ተከፈተ። በታኅሣሥ 2019 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተመነጠቀች።

ገመዱን ለመመርመር ግን ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። አንድ ሜትር የቃጫ ገመድ መመዘን፣ ከዚያ እስኪበጠስ ድረስ ክብደት እየጨመሩ ማንጠልጠል ይበቃል። የበጠሰው ክብደት በአንዱ ሜትር ክብደት ሲካፈል ገመዱ ራሱን የሚሸከምበት ርዝመት በሜትር ይገኛል። ለምሳሌ ሜትሩ 20 ግራም መዝኖ በ100 ኪሎ ቢበጠስ ውጤቱ 5,000 ሜትር፣ ማለትም 5 ኪሎ ሜትር ነው። ያው ስሌት ለናኖቲዩብም፣ ለኬቭላርም፣ ለሊፍቱ 4,900 ኪሎ ሜትርም አንድ ነው።