የኢትዮጵያ ልጅ ሆነው የታዩት እንግዳ ተዋናይት

ከአምቦ በስተደቡብ በምትገኘው በወንጪ፥ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ «ሐሮ» ብሎ በሚጠራው ሐይቅ ዳር፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ እንግዳ ከበዛ ሰንብቷል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ከመረጣት ወዲህማ፥ ፈረስ የሚያከራየው ወጣት፥ ታንኳ የሚቀዝፈውም፥ በደጃፏ የቆመችውም እናት ምስላቸው በማያውቁት ሰው እጅ ይቀራል። ሥዕሉ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚባልበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ስናስብ በአንድ የወንጀል ፊልም የኢትዮጵያ ልጅ ሆነው የታዩ አንዲት ተዋናይት ትዝ አሉንና፥ ነገሩ ለቤተ ሰብ የሚያገባ ስለሆነ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

እኒህ ሴት ወይዘሮ ቮኔታ ማክጊ ይባላሉ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለዱ። ሕግ ለመማር አስበው ኮሌጅ ገብተው ነበር፤ ኋላ ግን ትምህርቱን ትተው ወደ ኢጣልያ ሄዱና ሲኒማ መሥራት ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው ፊልም ሲወጣ፥ አብዛኛው በሀገራችን ምድር የተነሣ ነበርና በውስጡ «ዓለሜ» ተብለው ታዩ። እናት ልጇን ስታቆላምጥ የምትጠራበት ስም ነው፤ ጸሐፊው ስሙን ሲመርጥ ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

የታሪኩ ነገር እንዲህ ነው። ሻፍት የተባለው የኒውዮርክ ወንጀል ተከታታይ፥ የአፍሪካን ወጣቶች በተስፋ አታልለው ወደ ፓሪስ እየወሰዱ እንደ ባሪያ የሚያሠሩትን ሰዎች እንዲይዝ አንድ ኤሚር ይለምነዋል። ዓለሜ የኤሚሩ ልጅ ናት፤ ሰውየው የአገር ሰው መስሎ ከመሄዱ በፊት ቋንቋውንና ልማዱን የምታስተምረው እርሷ ናት። በዚያ ዘመን የወንጀል ፊልም ሴቲቱ ወይ ታስራ የምትጮህ ወይ ለጌጥ የምትቀመጥ ስለነበረች፥ አስተማሪ ሆና መገኘቷን እናመሰግናለን።

የማናመሰግነው ግን አለ። ዓለሜ በወገኖቿ ልማድ ግርዛት የሚጠብቃት ልጃገረድ ሆና ተሥላለች፤ ፊልሙም ይህን ብርቱ ነገር በወንድና በሴት ጨዋታ መካከል ለቀልድ ያህል አልፎት ይሄዳል። በሀገራችን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅን ግርዛት ወንጀል ብሎ ቅጣት ወስኖበታል። ምጥ ላይ ሆና የተሠቃየች እናት ያለችበት ቤት ይህ ጉዳይ የሚሣቅበት አይደለም። ስለዚህ ፊልሙ ዕራቁትነትና ግድያም ስለማይታጣው በሕፃናት ፊት ባይታይ እንወዳለን፤ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ ብታየው ግን እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ግርዛቱ ነገር በግልጥ ብታነጋግራት መልካም ነው።

ሌላም ያሳዘነን አለ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ ተዋናይት ያጣች አገር አልነበረችም። ቀድሞ የሴቶቹን ክፍል ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ይጫወቱት ነበር፤ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁና ጓደኞቻቸው የሰውን ሐሜት ችለው መድረክ ከወጡ በኋላ ግን ይህ ቀረ። በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የሴት ቃል የሚገባቸውን ድርሰቶች ለመድረክ ሰጥተዋል። ከእኛ ሰዎች አቶ ደበበ እሸቱ በዚያው ፊልም «ዋሳ» ሆነው ተጫውተዋል፤ የልጃገረዷ ክፍል ግን ለእንግዳ ተሰጠ። የታወቀ ፊት ገበያ ይስባል ይባል ይሆናል። ቢሆንም ነገ በሐሮ ወንጪ ዳር ፊልም የሚያነሣ ቢመጣ፥ የአገሩ ሹማምንት ከፈቃዱ ወረቀት ጋር የባላገሪቱን ክፍል ማን እንደምትጫወት ቢጠይቁት አይከፋም።

ለወይዘሮ ቮኔታ ግን ወቀሳ የለንም፤ በራሳቸውም አገር ብዙ ጊዜ እንግዳ ነበሩና። የጥቁሮችን ፊልም ሁሉ በአንድ የንቀት ስም መጥራቱን አይወዱም ነበር። በኋላ በቴሌቪዥን ሲሠሩ የቆዩት አብዛኛውን በእንግዳ ተዋናይነት ነው። ይኸውም በተከታታይ ፊልም ውስጥ ለአንድ ምሽት ገብቶ መውጣት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነባሮቹ ሰዎች እርሳቸው ያልመጡ ይመስል ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. «ስታርስኪና ሃች» በተባለው የፖሊሶች ታሪክ ከሁለቱ ጓደኛሞች አንዱ ሲቆስል፥ በቦታው የምትተካውን ጆአን ሜሬዲዝ የተባለች ፖሊስ ሆነው ቀረቡ። ወንድ ብቻ በሚፎክርበት ታሪክ ሽጉጥ ታጥቆ ከባልደረባ እኩል መቆም፥ ለአንድ ምሽትም ቢሆን፥ ቀላል አልነበረም።

ቀጥሎም «ካግኒና ሌሲ» በተባለው ሌላ የፖሊሶች ታሪክ የመርማሪው የፔትሪ ሚስት ሆነው እየተመላለሱ ታዩ። መርማሪውን የሚጫወቱት ካርል ላምብሊ ይባላሉ፤ በጨዋታ ባልና ሚስት የነበሩትም በ1986 በእውነት ተጋቡ። ወይዘሮ ቮኔታ በ2010 በ65 ዓመታቸው አረፉ።